ያለ ፋይዳ ቁጥር የባንክ ሒሳብ መክፈት ሊከለከል ይገባል ወይ?

አወያይ፦ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284፣ ነዋሪዎች 12 አሃዝ ባለው የፋይዳ ቁጥር የሚታወቁበትን ሥርዓት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ለዚህም የአሥሩም ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖች ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ይህን ቁጥር ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል። ጥያቄው መታወቂያው ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ቁጥሩ የሌለው ሰው ገንዘቡን ባንክ እንዳያስቀምጥ መደረጉ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው።

የባንክ ሠራተኛ፦ ተገቢ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ተለጥፎ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ነው፤ አንዱ ቀበሌ ሌላው ለማን እንደሰጠ የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት መታወቂያ ይዞ ቢመጣ እኛ ፊቱን ከፎቶው ጋር ከማመሳከር ያለፈ ማጣሪያ አልነበረንም። በሐሰተኛ መታወቂያ የሰው ገንዘብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው። ከዚህም በላይ ቤትና መኪና የሌላት ነጋዴ ብድር የምታገኘው ቀደም ሲል የተበደረችውን በወቅቱ መመለሷ ሲታወቅ ነው፤ ያንን ታሪክ ደግሞ በእርግጠኝነት ከእርሷ ጋር የሚያያይዘው አንድ ቁጥር ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር፤ ያ አንድ መስመር በመንገድ ላይ በሰው ላይ ምን እንዳመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፋይዳ ብሔርን አይጠይቅም። ይህ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ስለ ብሔር የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መታወቂያው ጥሩ መሆኑ መገደዱን ትክክል አያደርገውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር መብት ደንግጎ፣ ይህ መብት የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ዓላማው በተለየ ሕግ ሲገለጽ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በሕንድ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበበት አድሃር የተባለው ቁጥር ተመሳሳይ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በሰጠው ውሳኔ፣ መንግሥት ለድሆች ድጎማ ሲያከፋፍል ቁጥሩን መጠየቁን ፈቅዶ፣ የባንክ ሒሳብንና የስልክ መስመርን ከቁጥሩ ጋር የግድ ማያያዝን ግን ሽሯል። ያ ፍርድ ቤት መታወቂያውን አላፈረሰም፤ ድንበር አበጀለት። እኛስ ድንበሩን የት አደረግነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ በምኖርበት አገር፣ በአሜሪካ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1936 መሰጠት ሲጀምር የጡረታ መዋጮን ለመመዝገብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቤት ለመከራየትም ብድር ለመውሰድም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ሲዘረፍ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ አፈትልኳል። እዚህ ያለን አበሾችም ሌባ በስማችን እንዳይበደር የብድር መዝገባችንን ስንዘጋና ስንከፍት ከርመናል። ቁጥር ከተሰረቀ በብዙ ውጣ ውረድም ቢሆን ይለወጣል። አሻራና ዓይን ግን አይለወጥም፤ አንዴ ከወጣ ለዕድሜ ልክ ወጣ። ስለዚህ የባንክ ባለሙያው ስለ ሐሰተኛ ወረቀት ያነሡት እውነት ቢሆንም፣ በአንድ ቦታ የተከማቸ የሚሊዮኖች አሻራ የሚያስከትለው አደጋ ከአንድ ሐሰተኛ ማኅተም ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ እናንተ ስለ ሥርዓቱ ስትነጋገሩ እኔ ስለ አባቴ ልናገር። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰና ድንጋይ የፈለጠ ሰው ነው፤ ሲደክም ከጎጃም አምጥቼው አብሮኝ ይኖራል። ምዝገባውን በደንብ አልፏል። በአንድ ባንክ ሒሳብ ልናስከፍት ስንሄድ ግን የጣቱን መስመር ሥራ ስለፋቀው ማሽኑ አልቀበል አለው። የዓይኑ ምስል ሲመዘገብ ተወስዷል፤ ቅርንጫፉ ግን ያለው የጣት ማንበቢያ ብቻ ነበር። «ሌላ ቀን ይምጡ» ተባለ። ያንን የተናገረው ልጅ ትሑት ነበር፤ አልወቅሰውም። የሚያንገበግበኝ አባቴ ለምን እንደተመለሰ የሚገልጽ አንድ ቁራጭ ወረቀት እንኳ ሳይሰጠው መውጣቱ፣ ለማን አቤት እንደሚልም የሚነግረው ሰው መጥፋቱ ነው።

የባንክ ሠራተኛ፦ እኅቴ፣ ያሳዝናል። አሻራ ሲያስቸግር በተመዘገበው ስልክ በሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ማንነትን ማጣራት ይቻላል፤ ሠራተኛው ይህን ሊነግራችሁ ይገባ ነበር። ይህ የአሠራር ጉድለት ነው፤ ግዴታውን የሚያስቀር ምክንያት ግን አይመስለኝም። ግዴታው ቢነሣ አጭበርባሪው ወደ ቀበሌው ወረቀት ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ አባቴ የራሱ ስልክ የለውም። ምዝገባው ላይ የሰጠነው የእኔን ቁጥር ነው። ስለዚህ የአባቴ ማንነት የሚረጋገጠው በእኔ ስልክ ነው፤ እኔ ቅን ባልሆንስ? አጭበርባሪን ለመከላከል የተሠራው መንገድ ሽማግሌውን ለልጁ እጅ አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ እኅታችን የተናገሩት የክርክሩ እምብርት ነው። የአሠራር ጉድለት በፈቃደኝነት በሚገባበት አገልግሎት ላይ ቢፈጠር ሰውየው ሌላ አማራጭ ይፈልጋል፤ አማራጭ በሌለበት ግን ጉድለቱ ራሱ ክልከላ ይሆናል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሁዱማ ካርድ የተባለውን የአገሪቱን ዲጂታል መታወቂያ ሥርጭት ሕገ ወጥ ያለው ካርዱን ጠልቶ አልነበረም፤ መንግሥት በሰዎች መረጃ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ሳያስጠና በመጀመሩ ነው። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከመታወቂያው አዋጅ አንድ ዓመት ዘግይቷል። ጥበቃው ከምዝገባው ኋላ መጣ። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሆነ መታወቂያውን የሚሰጠው ፕሮግራም ሁለቱም የአስፈጻሚው አካል ክፍል ናቸው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ቅርንጫፉ ሰው ሲመልስ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ አቤቱታ የሚሰማ ከባንኩም ከመታወቂያው ተቋምም ነጻ የሆነ አካል ይኑር፤ እስከዚያው ድረስ አሻራው ያልተነበበ ሰው በምስክርና በነባሩ መታወቂያ፣ በገንዘብ ጣሪያ የተወሰነ ሒሳብ ይከፈትለት።

የባንክ ሠራተኛ፦ በሁለቱ እስማማለሁ። ሦስተኛውን ግን ጣሪያው ስንት እንደሚሆን ሳይነገረኝ አልቀበልም፤ ጣሪያው ከፍ ካለ አጭበርባሪው የሚገባበት በር ያው እርሱ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ የአባቴን የወር ወጪ የሚሸፍን ይሁን። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።