የአየር ጌጁ የአክስል ክብደት ይነግራል?

የገላን ሹፌር፦ ሰላም ወገኖች። ገላን ላይ ብረት እጭናለሁ። ጫኞቹ «ልክ ነው» ይሉኛል፤ ሚዛን ጣቢያ ስደርስ የኋላው አክስል (ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ) ከልክ በላይ ይሆናል። መኪናውም ተሳቢውም የኋላቸው በአየር ባሎን (ጭነቱን በሚሸከም አየር የተሞላ ጎማ ከረጢት) የሚሄድ ነው፤ የባሎኑን ግፊት በባር የሚያሳይ ጌጅም አላቸው። በሱ መገመት ይቻላል?

የቃሊቲ መካኒክ፦ ይቻላል ወንድሜ። ግን ጌጁ የሚያሳይህ ግፊት እንጂ ኪሎ አይደለም። ባሎኑ የሚሸከመው ከላዩ ያለውን ነው፤ አክስሉና ጎማው ግፊቱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ባሩን ዝም ብለህ በአንድ ቁጥር ብታባዛ ትሳሳታለህ። ባዶህን ሚዛን ላይ ውጣ፣ ኪሎውንና ባሩን ጻፍ። ጭነህም ድገም። ለምሳሌ ባዶ 5 ቶን በ1 ባር፣ ጭነህ 17 ቶን በ4 ባር ከሆነ፣ አንዱ ባር 4 ቶን ይጨምራል ማለት ነው። 3 ባር ላይ 13 ቶን ገደማ ነህ። የኔን ቁጥር እንዳትወስድ ታዲያ! ተሳቢውንም ለብቻው ለካው።

ባለ ተሳቢ፦ ዳገት ላይ ቆማችሁ አታንብቡ። ሜዳ ላይ ታኮ አድርጉና የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፤ ፍሬን ከያዘው ባሎኑ በደንብ አይቀመጥም። አየሩ እስኪረጋም ጠብቁ።

የገላን ሹፌር፦ የመኪናው የፊት አክስልስ? በአየር ሳይሆን በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ሞላ) ነው።

የቃሊቲ መካኒክ፦ ለሱ ሚዛን ብቻ ነው። አንድ ነገር ልንገርህ፦ ብረቱን ወደ ጋቢና ስታስጠጋ የኋላው ባር ይወርዳል። ደስ እንዳይልህ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሄደ እንጂ አልጠፋም።