እማዬን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ፌር ልወስዳት ነው፤ ግን ፍልሰታ ነው፣ ጉልበቷም ያማታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጌይተርስበርግ ውስጥ በየዓመቱ ኦገስት ላይ ስለሚደረገው ትልቁ የእርሻ ፌር (እንስሳ የሚታይበት፣ መጫወቻም ያለበት ባዛር) ነው የምጠይቃችሁ። ሜሪላንድ ስኖር 11 ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም። ዘንድሮ እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። 72 ዓመቷ ነው። አፓርታማው ሰልችቷታል። ባለፈው በመስኮት ወደ ፓርኪንጉ እያየች «እዚህ አገር ላም የሚባል ነገር የለም?» አለችኝ። ያኔ ነው ፌሩ ትዝ ያለኝ።

ችግሮቼ እነዚህ ናቸው። ፌሩ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል፣ እሷ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም። ጉልበቷ ብዙ አያስኬዳትም። ልጆቼ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው፣ ትልቁ የሚያስበው ስለ መጫወቻዎቹ ብቻ ነው። መኪናውን ባለቤቴ ሥራ ይዞት ይሄዳል። የትኛው ቀን ይሻላል? ምን እንበላለን? ሪስትባንድ (በየመጫወቻው ቲኬት ከመግዛት ይልቅ እጅ ላይ የሚታሰረው ማለፊያ) መግዛት ያዋጣል?

ጀርመንታውን ነዋሪ

እህቴ፣ እኔ በየዓመቱ ነው የምሄደው። ዘጠኝ ቀን ስለሚቆይ ምርጫ አለሽ። የኔ ምክር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ነው። ቅዳሜ ማታማ እግር መጣያ የለም።

በሩ እንደተከፈተ ግቡ፣ ቀጥታ ወደ እንስሶቹ። ጠዋት ላሞቹ ይታጠባሉ፣ በጎቹ ይበጠራሉ፣ እንስሳ ይዘው የመጡት ልጆች ጉድ ጉድ ይላሉ። ከቀትር በኋላ ከሄድሽ እንስሳውም ባለቤቱም ጎን ለጎን ተኝተው ነው የምታገኛቸው። ኦገስት ሙቀቱ ከወበቁ ጋር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ አይታመንም። መብረቅ ካለ መጫወቻዎቹን ያቆሟቸዋል።

ለእናትሽ ዊልቸር ተበደሪላቸው። «እኔ አልታመምኩም» ይሉሻል። «ዕቃ ለመጫኛ ነው» በያቸው፣ ቦርሳውን አስቀምጪበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሳቸው ይቀመጡበታል። ከእናቴ ጋር ሞክሬው ሠርቷል።

ሰንበት ተማሪ

ከላይ ያለው ወንድማችን ጥሩ መክሯል፣ ግን ጾሙን ረስቶታል። በፍልሰታ በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ላይቀምሱ ይችላሉ። በዚያ ፀሐይ 72 ዓመት የሞላቸውን ሰው ውሃ ሳይጠጡ ማዞር አይሆንም። ቅዳሜና እሁድ ግን ቅዳሴው ጠዋት ነው፤ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እስከ ዘጠኝ መቆየት የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ ሰው ሳይበዛ ውጡ። የ9 ዓመቱንም ልጅ ጠይቂው። ፍልሰታን ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ እዚያ ደርሶ አይስክሬም ሲያይ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ።

የሁለት ልጆች እናት

ልክ ነህ! ይጾማል። እማዬ ከመጣች ወዲህ ጀምሯል፣ እኔንም ማታ ማታ ይቆጣጠረኛል። ቅዳሜ ይሁን በቃ።

ጾመኛ በልቶ አዳሪ

ምግቡን ለኔ ተዉት። ፌር ላይ የጾም መብላት ይቻላል፣ ግን እየጠየቅሽ።

የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ በቆሎ አለ። ብዙ ቦታ የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ነክረው ነው የሚሰጡሽ፣ ስለዚህ ከመንከራቸው በፊት «ያለ ቅቤ» በይ። በስኳርና በዘይት የሚፈነዳው ፈንዲሻ፣ የጥጥ ከረሜላው፣ ኦቾሎኒው፣ አይንሽ እያየ የሚጨመቀው የሎሚ ጭማቂ፣ እነዚህ ሰላም ናቸው። ድንች ጥብሱ ላይ ጠይቂ፤ እዚያው ዘይት ውስጥ ዶሮም ሊጠበስ ይችላል። ፋነል ኬክ የሚሉት ሊጡ እንቁላልና ወተት አለው። ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ፓስቲ ይመስላል፣ ሽታው ደግሞ ጾም ያስፈታል። ልጅሽን በሩቁ አሳልፊው።

አንደኛ ደረጃው ግን ቤት የተሠራ ሽሮ ፍርፍርና ዳቦ ቆሎ ነው። ይዞ መግባት መቻሉን ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። ካልተቻለም ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። ዋጋው የፌር ዋጋ ነው፣ አንድ ቤተሰብ እዚያ ጠግቦ ከወጣ ወሩን ሙሉ ይቆጨዋል።

ባለፈው ዓመት የከሰረ አባት

ሪስትባንድ ለ4 ዓመቷ እንዳትገዢ! እኔ ለሦስት ልጆች ገዝቼ የትንሿን ገንዘብ በከንቱ አወጣሁት። እያንዳንዱ መጫወቻ ደጃፍ ላይ የቁመት መለኪያ አለ። ከመስመሩ በታች ከሆነች ማልቀስም መለመንም አይሠራም፣ ልክም ናቸው። ቤት ቁመቷን ለኪያትና ሂጂ። ለትልቁ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሪስትባንዱ የስንት መጫወቻ ቲኬት ዋጋ እንደሆነ አስዪ፣ ከዚያ በላይ የሚጫወት ከሆነ ግዢ። ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ቅናሽ ካለም እዪ። የመኪና ማጋጫው ትርኢትና ግዙፍ ጎማ ያላቸው መኪኖች ግን ሌላ ቲኬት ነው የሚጠይቁት፣ ሪስትባንዱ አያስገባም።

እየዞርኩ የማልጠግብ

እኔ በበኩሌ ባትሄጂ እላለሁ። ሙቀት፣ ወረፋ፣ እበት። እበቱን ከሆነ የምትፈልጉት ደብረ ብርሃን ሞልቷል።

ነርሷ

የከላይኛውን አትስሚው። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ እንስሳ ካያችሁ በኋላ እጅ በሳሙናና በውሃ መታጠብ። ሳኒታይዘር ሳሙናን አይተካም። እንስሶቹ ጤነኛ መስለው ኢ ኮላይ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርባቸው ይችላል፣ በጣም የሚጎዱት ደግሞ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና አዛውንቶች ናቸው፤ አንቺ ሁለቱንም ይዘሻል። ጡጦ፣ ምግብ፣ መጠጥ ወደ ጋጣው ይዛችሁ አትግቡ። ስትሮለሩንም ውጪ ተዉት።

ሁለተኛ፣ እናትሽና ትንሿ ልጅሽ አሳማዎቹ ያሉበት ቤት አይግቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ከአሳማ የሚመጣ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አብዛኞቹ የፌር ጎብኚ ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነ፣ ለነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ «አትግቡ» ነው የሚባለው። ለእናትሽ ምክንያት መስጠት እንኳን አያስፈልግሽም መሰለኝ 😄

የፎር-ኤች አባት

ስለ መጫወቻውና ስለ ምግቡ ብዙ ተባለ። የፌሩ ልብ ግን ልጆቹ ናቸው። ፌሩ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው የተጀመረው፣ የጀመሩትም የፎር-ኤች ቤተሰቦች ናቸው። ፎር-ኤች ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች እንስሳ የሚያረቡበት፣ አትክልት የሚተክሉበት፣ ልብስ የሚሰፉበት ክበብ ነው።

የኔ ልጅ 12 ዓመቱ ሳለ ፍየል አሳድጓል። የምንኖረው ታውንሃውስ ነው፣ ፍየሏ የምታድረው የሰው እርሻ ላይ ነበር። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ አደርሰዋለሁ፣ መኖዋን መዝኖ ይሰጣታል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ፌሩ ሲደርስ አጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሜዳው ላይ ይዟት ቀረበ። ዳኛው ጀርባዋን በእጁ ዳበሰ። በቃ እንደኛ በግ ተራ! እንደዚያው ሽንጡን እየጨበጠ፣ እንደዚያው ጥርጥር ባለው ፊት። ሰማያዊ ሪባን አገኘ።

ከዚያ ጨረታ አለ። የአካባቢው ነጋዴዎች ከገበያው ዋጋ በላይ ይገዛሉ፣ ገንዘቡ የልጁ ነው። ልጄ ገንዘቡን ተቀብሎ ማታ መኪና ውስጥ አለቀሰ። ጨረታ ላይ ከደረሳችሁ ለልጅሽ አስቀድመሽ ንገሪው፣ እንስሶቹ ለእርድ ነው የሚሸጡት።

ልጆቹን ጠይቋቸው፣ መጠየቅ ይወዳሉ። አንቺ አስተርጉሚ። እናትሽ የሚጠይቁት ጥያቄ ከከተማው ሰው ጥያቄ ይሻላል።

ጀርመንታውን ነዋሪ

መጓጓዣውን ረሳሁት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር አለ፣ ግን ሬድ ላይኑ ወደ ዲሲ መሃል ወርዶ ነው እንደገና ወደ ሼዲ ግሮቭ የሚወጣው። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብሻል፣ ከዚያ ደግሞ ራይድ ኦን አውቶቡስ። አውቶቡሱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ነጻ ነው። የማርክ ባቡር ጣቢያ ለፌሩ ቅርብ ነው፣ ግን በዚያ መስመር ቅዳሜ አይሠራም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ጠዋት ጉዳይ አለኝ፣ ስመለስ ላደርሳችሁ እችላለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የልጅቷን ካር ሲት ብቻ አትርሺ።

የሁለት ልጆች እናት

ሄድን! ላሰለቻችሁ አልፈልግም ግን ቃል ገብቻለሁ።

በሩ ሲከፈት ደረስን። ዊልቸሯን «ለዕቃ» ብዬ ይዤ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ እማዬ ዕቃውን አውርዳ ተቀመጠችበት። መጀመሪያ በጎቹን አየን። የውድድር በጎች እንዳይቆሽሹ ከአንገት እስከ ጭራ ጥብቅ ያለ ልብስ ያለብሷቸዋል፣ አንዱ ሮዝ ነበር። እማዬ አማተበች። «ልብሱን ማን ነው የሚያጥበው?» አለችኝ።

ላሞቹ ጋ ግን አንድ ሰዓት ቆምን። ጥቁርና ነጭ ሆልስታይን ናት። አንዲት 14 ዓመት የሚሆናት ልጅ በማሽን ስታልብ እማዬ አላመነችም፣ «ጥጃዋ ሳትጠባ እንዴት ትሰጣለች?» ብላ አስጠየቀችኝ። ልጅቷ ጥጃውን በተወለደ በቀኑ እንደሚለዩት ነገረችን። በቀን 30 ሊትር ገደማ እንደምትሰጥም ስተረጉምላት እማዬ ዝም አለች። የኛዋ ላም በጣም ሰጠች ሲባል ሁለት ሊትር ነዋ። ዞር ብላ «እሷስ ምን ትበላለች?» አለች። ልጅቷ መኖውን እፍኝ ሙሉ ሰጠቻት። በቆሎው ከነአገዳው ተፈጭቶ የተብላላ ነው። አሸተተችው፣ «ጠላ ጠላ ይላል» አለች።

ትልቁ ልጄ ሰባት መጫወቻ ተጫወተ፣ ትንሿ ለአንዷ ብቻ ቁመቷ ደረሰ። በቆሎ ያለ ቅቤ አገኘን። ሙቀቱ ሲያይል ወጣን። እጃችንን አራት ጊዜ ታጥበናል፣ ነርሷ ስሚ።

ስንወጣ አንድ ጎረምሳ በአካፋ እበት እየዛቀ ጋሪ ላይ ሲጭን አየች። ዊልቸሯን በእግሯ አቆመቻት። «ይሄን ሁሉ ሊጥሉት ነው?» ጠየቅኩት። እርሻ ላይ እንደሚበትኑት ነገረኝ። እሷ ግን አልተዋጠላትም። ቤት እስክንደርስ ከዚያ ጋሪ ስንት ኩበት እንደሚወጣ ስትቆጥር ነበር፣ ከ60 አላነሰም።