ለ2018 ሲአርቪ አራት ጎማ ልገዛ ነው፤ ማይሉን ልይ ወይስ በረዶውን?

አባ ሦስት (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

መኪናችን የ2018 ሆንዳ ሲአርቪ ናት፤ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት። የጎማው መጠን 235/60R18 ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስወጣ፣ ሌሊት የጣለው በረዶ በመኪና ተረጋግጦ መንገዱ እንደ መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ። ኢሊፍ ጎዳና ላይ ቁልቁል እየወረድሁ ሳለ መብራቱ ቀይ ሆነ። ፍሬን ያዝሁ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችኝም። ፍሬኑ ከእግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠ፣ ከታች የሆነ ነገር እየተንገጫገጨ እኛ ዝም ብለን እንንሸራተታለን። ከፊቴ በቆመው ፒክአፕ የኋላ መከላከያ ላይ የተለጠፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ እስክችል ድረስ ተጠግቼ ቆምሁ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከኋላ ሆና «አባዬ፣ ድገመው!» አለች። የእኔ እጅ ግን መንቀጥቀጡን የተወው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከቆምሁ ብዙ ደቂቃ በኋላ ነው።

ማታ ኳርተር ሳንቲም ገልብጬ በጎማው ጥርስ መካከል ከተትሁ። በፊተኞቹ ላይ የዋሽንግተን አናት ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ከ4/32 ኢንች በታች ቀርቷቸዋል ማለት ነው። የኋለኞቹ 5/32 ገደማ ናቸው።

በማግሥቱ ሁለት ጎማ ቤት ሄድሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ ጎማዎቹን በቅጡ ሳያይ «የፊት ሁለቱን ብቻ ቀይር፤ መኪናህ በአራቱም ስለሚጎትት አትቸገርም» አለኝ። ሁለተኛው ቤት ደግሞ ምርጫ አበዛብኝ። ሚሽሊን ዲፌንደር 2፣ የ80,000 ማይል ዋስትና ያለው፣ አራቱ ከነመግጠሚያቸው 940 ዶላር። ሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2፣ ዋስትናው 60,000 ማይል፣ 1,060 ዶላር። ብሪጅስቶን ዌዘርፒክ፣ ዋስትናው 70,000 ማይል፣ 980 ዶላር። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሌላ ጎማ ደግሞ በ520 ዶላር አለ። ከዲፌንደሩ በስተቀር ሁለቱ ትልልቆች ጎናቸው ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት አላቸው።

የእኛ ኑሮ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራው ዴንቨር ኤርፖርት ነው፤ ፈረቃዬ ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ስለሚጀምር በረዶ ጠራጊው መኪና ሳያልፍ በፊት ፔንያ ቡለቫርድ ላይ ነኝ። በክረምት ሁለት ሦስት ጊዜ ወንድሜን ለመጠየቅ በአይ 70 ግራንድ ጃንክሽን እንሄዳለን። በጋው ደግሞ እንደምታውቁት አስፋልት የሚያቀልጥ ነው። የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ ጋራዥ የለንም።

ባለቤቴ «ልጆቹን የሚያቆምልህን ግዛ» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። የትኛው እንደሚያቆም ግን እሷም አልነገረችኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጎሚስታው (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት እጄ ከጎማ አልተለየም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅም እናገራለሁ።

ሁለቱን ብቻ ቀይር ያለህን ሰው ምክር እዚያው ተውለት። አዲስ ጎማ ሲወጣ ጥርሱ 10/32 ኢንች ገደማ ነው፤ የኋላዎቹ 5/32 ከሆኑ የአምስት ሠላሳ ሁለተኛ ልዩነት አላቸው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ ልዩነት ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ነው፤ በዙሪያው ስትለካው ወደ አንድ ኢንች ይጠጋል። ሱባሩ ለመኪኖቹ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች ብቻ ነው። ያንተ ሆንዳ ናት፤ ጠባዩ ግን ያው ነው፦ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል ካልዞሩ መኪናዋ አንዱ የሚንሸራተት ይመስላትና ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል በደረቅ መንገድም ሳያርፍ ይሠራል። ጎማ ቆጥበህ ዲፈረንሻል ትገዛለህ። ሁለት ብቻ መቀየር ግድ የሆነበት ሌላ ሰው ካለ ደግሞ አዲሶቹ የሚገቡት ከኋላ ነው፤ ከፊት አይደለም። ኋላው ያመለጠ መኪና በመሪ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ መጎተት ሌላ መቆም ሌላ። በአራቱ የሚጎትት መኪና ከቆምህበት ያስነሣሃል። ፍሬን ስትይዝ ግን ካንተ ሲአርቪና ከጎረቤትህ ኮሮላ መካከል ልዩነቱ ላስቲኩ ብቻ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ተታልለው ተጋጭተዋል፤ መኪናው ሲነሣ አላስቸገረምና ሲቆምም የሚታዘዝ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ምልክቱ። በአማርኛ ለስላሳውንም፣ ጭቃ የሆነውንም፣ ግግሩንም፣ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም «በረዶ» ብለን እንገላገለዋለን። ጎማ ግን ይለያቸዋል። ኤም ኤስ (ጭቃና በረዶ ለማለት) የሚለው ጽሑፍ በሁሉም ኦል ሲዝን፣ ማለትም ለሁሉም ወቅት በሚባል ጎማ ላይ አለ ማለት ይቻላል፤ የጥርሱን ቅርጽ አይቶ ፋብሪካው ራሱ የሚጽፈው ነው፣ ፈተና የለውም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን በፈተና የሚገኝ ነው። ለማነጻጸሪያ የተመደበውን ጎማ 100 ብለህ ብትይዝ፣ ምልክቱን የሚያገኘው ቢያንስ 110 ገደማ ያመጣ ነው። ነገር ግን ልብ በል፦ የሚፈተነው በተረጋገጠ በረዶ ላይ ምን ያህል ገፍቶ እንደሚሄድ ነው። አቋቋሙ አይለካም፤ ግግር በረዶም የፈተናው አካል አይደለም። እና ኢሊፍ ላይ የገጠመህን ነገር ማንም ምልክት «ከእንግዲህ አይደርስብህም» አይልህም። ያም ሆኖ ምልክቱ ያላቸው ጎማዎች ላስቲካቸው በብርድ ቶሎ አይደድርምና ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ፔንያ ላይ ልዩነቱ በመሪህ ይሰማሃል።

ሦስተኛው ነገር ሕጉ ነው። በሌሎች መንገዶች ላይ ጥርሱ 2/32 እስኪቀር መንዳት ይፈቀድልሃል። በአይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ግን ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጆቹ፣ በአራቱ የሚጎትት መኪናም ቢሆን ጥርሱ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት፤ 6/32 ማለት ነው። አሁን ባለህ ጎማ ወንድምህ ጋ ብትሄድ ቅጣቱ ከ130 ዶላር በላይ ነው፤ ተንሸራትተህ መንገድ ከዘጋህ ደግሞ ከ650 ዶላር ያልፋል። የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ እንጦጦን ከፍ ብሎ የሚያይ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጎማ አይቀለድበትም።

ስትገዛ ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ተብሎ የአምስት ዓመት ጎማ ሲገጠም በዓይኔ አይቻለሁ። 103H የሚለውንም አትርሳ፤ 103 አንዱ ጎማ 875 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ በታች እንዳትቀበል።

እኔ ብሆን ክሮስክላይሜቱን ወይም ዌዘርፒኩን እወስዳለሁ። ዲፌንደሩ መጥፎ ጎማ አይደለም፤ ሂዩስተን ብትኖር እሱን ግዛ እልህ ነበር። ስለ 520ው አልናገርም።

የሚኒያፖሊሷ

ጎሚስታው ጥሩ ተናግሯል፤ ግን አንድ ነገር ዘሎታል። ኦል ሲዝንም ሆነ እንደ ክሮስክላይሜቱ ምልክት ያለው ኦል ዌዘር የክረምት ጎማን አይተካም። እኔ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ የእኛን ጥር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁለት ስብስብ አለኝ፦ ለበጋው ኦል ሲዝን፣ ለክረምቱ ኖኪያን ሃካፔሊታ በራሱ ቸርኬ ላይ ተገጥሞ። ፊንላንዶች ይህን ስም ከፈረንጆቹ 1936 ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ በረዶን ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? ወጪው እጥፍ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። ቸርኬው የተለየ ከሆነ መቀየሩም ለእያንዳንዱ ወቅት ላስቲክ ከመፍታት ይገላግላል።

አባ ሦስት

እህቴ፣ ሐሳቡ ልክ ነው። ግን አራት ጎማ የት ላስቀምጥ? ሰገነታችን ላይ የልጆቹ ብስክሌትና የባለቤቴ በርበሬ ማድረቂያ አለ። ከበርበሬው ጋር የተፎካከረ ጎማ እንደማያሸንፍ አውቃለሁ።

የሚኒያፖሊሷ

ለበርበሬውማ እጅ ሰጥቻለሁ። በክፍያ ጎማ የሚያስቀምጡ ቤቶች አሉ፤ እዚያ አካባቢ ጠይቅ። ካልሆነ ምልክት ያለውን ግዛና ግግር በረዶ በሆነበት ቀን ቀስ በል።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር (ቨርጂኒያ)

እኔ ጋ የሚያስቸግረው ዝናብ ነው፤ ስለ በረዶ አስተያየት የለኝም። ስለ ማይል ዋስትናው ግን በገንዘቤ የተማርሁትን ልንገርህ፤ 80,000 የሚለው ቁጥር ብቻ እንዳያማልልህ።

በራቭ4 ሰው እያመላለስሁ እኖራለሁ። የ80,000 ማይል ጎማ ገዝቼ በ50,000 ማይል አለቀ። ዋስትና አለኝ ብዬ ሄድሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ያልነዳኸው 30,000 ማይል ከ80,000 ላይ 37.5 በመቶ ስለሆነ ያንን ያህል ከአዲሱ ዋጋ ይቀነስልሃል፤ ነጻ ጎማ የሚባል የለም። መጀመሪያ ግን «ጎማውን በየጊዜው ቦታ ያቀያየርህበትን ደረሰኝ አምጣ» ተባልሁ። አንዱ አለኝ፣ ሦስቱ የሉኝም። ቀጥሎ «ሥራህ ምንድን ነው?» ተባልሁ። እውነቱን ተናገርሁ። ወረቀቱ ላይ ለንግድ ሥራ የዋለ መኪና አይሸፈንም ይላል፤ በደቃቅ ፊደል። ባዶ እጄን ወጣሁ።

አንተ ቤተሰብ ነው የምትጭነው፤ ስለዚህ ይሠራልሃል። በየ5,000 ወይም 6,000 ማይሉ ፊቱን ከኋላ አቀያይርና ደረሰኙን በመኪናው መሳቢያ ሳይሆን በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ያዝ። የመኪናው መሳቢያ ውስጥ የገባ ወረቀት ከልጅ ከረሜላ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣው።

አባ ሦስት

ክሮስክላይሜት 2 ገዛሁ። ሁለቱን ሊሸጥልኝ ወደነበረው ቤት አልተመለስሁም፤ ሦስተኛ ቦታ ሄጄ 1,035 ዶላር ከፈልሁ።

ጎሚስታው፣ ምክርህ ከዋጋው በላይ ጠቅሞኛል። ዲ ኦ ቲውን አነበብሁ፤ አራቱም የዘንድሮ ናቸው። ነገር ግን ቤት ደርሼ ዙሪያውን ስመለከት የዚህ ጎማ ጥርስ እንደ ላቲኑ ቪ ወደ አንድ አቅጣጫ የተቀረጸ መሆኑን አየሁ፤ ጎኑ ላይም የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ሦስቱ ቀስቶች ወደ ፊት ያመለክታሉ፤ የቀኝ የኋላው ወደ ኋላ። መጀመሪያ እኔ የተሳሳትሁ መስሎኝ በእጅ ባትሪ ሦስት ጊዜ ዞርሁ። ባለቤቴ በመስኮት ሆና «ጎማ ነው የገዛኸው ወይስ በግ?» አለችኝ። ጠዋት ወሰድሁላቸው፤ ይቅርታ ጠይቀው ፈትተው አዙረው ገጠሙት።

ቅዳሜ ሌሊት አራት ኢንች ጣለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሆን ብዬ በኢሊፍ ወረድሁ፤ ከፊት ማንም አልነበረም። ያዝሁት፤ ቆመ። ትንሽ ተንገጫገጨና ቆመ። ልጄ በጣም ቅር አላት።

ጎሚስታው

ቀስቱን ማየትህ ደስ አለኝ። እንግዲህ ቦታ ስታቀያይር ቀኙ ከቀኝ፣ ግራው ከግራ ጋር ብቻ ነው፤ አታመሳቅለው። ሁለት ነገር ቀረህ። ያንተ ሆንዳ ጎማው ውስጥ የንፋስ መለኪያ የላትም፤ የጎማዎቹን አዟዟር እያነጻጸረች ነው የምትገምተው። ስለዚህ ንፋሱን በሾፌሩ በር ላይ እንደተጻፈው ሞልተህ፣ ከመኪናዋ ማውጫ ውስጥ ገብተህ ከአዲሶቹ ጋር አስተዋውቃት፤ ያለዚያ በድሮዎቹ ልክ ትፈርዳለች። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር ንፋሱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል፤ የዴንቨር አየር በአንድ ቀን 40 ዲግሪ ሲጥል ደግሞ አይተሃል። ሌላው ቡሎኑ ነው። ሃምሳ ማይል ከነዳህ በኋላ በመለኪያ ቁልፍ 80 ፓውንድ-ጫማ ላይ አስጠብቀው፤ በተለይ ያንን ሁለት ጊዜ የተፈታውን የቀኝ የኋላ።

አባ ሦስት

ዛሬ አስጠበቅሁት። ከአምስቱ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ሄደ።