የገበያው ሲስተም ሲቋረጥ ለሚደርስብን ኪሳራ ማን ይከፍላል? የብሮከር ውል ከመፈረማችን በፊት

ከዚራ ነጋዴ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ የምንሠራ አምስት ነጋዴዎች ነን። ጥር 2017 በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የባንክ አክሲዮን ለመግዛትና ለመሸጥ ከአንድ ብሮከር (በደንበኛ ስም አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት) ጋር ውል ልንፈራረም ነው። ሌላው ሁሉ ተስማምቶናል፤ አንድ አንቀጽ ግን አላስኬደንም፦

«በግብይት ሥርዓት፣ በኔትወርክ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ ምክንያት በደንበኛው ላይ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ድርጅቱ ተጠያቂ አይሆንም።»

«ሲስተም የለም» ሲባል ባንክ ቤት ከሆነ ነገ ተመልሶ ይኬዳል። የአክሲዮን ዋጋ ግን ማንንም አይጠብቅም። የመሸጫ ትዕዛዝ ሰጥተን ሲስተሙ መሃል ላይ ቢቆም፣ ሲመለስም ዋጋው ወርዶ ብናገኘው፣ ልዩነቱን ከማን እንጠይቃለን? ይህ አንቀጽ በሩን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል? ኪሳራውስ በምን ይሰላል? በሌላ አገር እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ካለም ያስረዳን።

ሰርቨር ክፍል

ከሕጉ በፊት ትዕዛዙ የት ላይ እንደተበጠሰ ማወቅ አለባችሁ። ይህን ማሳየት ያልቻለ ሰው ከማንም ምንም አያገኝም።

ትዕዛዙ ከስልካችሁ ወጥቶ በኢንተርኔት ወደ ብሮከሩ ሲስተም ይገባል። እዚያ ሂሳባችሁ ላይ ገንዘቡ ወይም አክሲዮኑ መኖሩ ተፈትሾ የብሮከሩ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በብሮከሩና በገበያው መካከል ባለው መስመር አልፎ የገበያው ማዛመጃ ሲስተም ይቀበለዋል፤ የገበያውን ቁጥርና ሰዓትም ያትምበታል። ገዥና ሻጭ ሲገናኙ ማረጋገጫው በሄደበት መንገድ ይመለሳል።

ስለዚህ ምንም ቁጥር ካልወጣ ትዕዛዙ ብሮከሩ ጋ አልደረሰም። የእናንተ ዋይፋይ ወይም መብራት ከሆነ የጠፋው ኪሳራው የእናንተው ነው፤ ማንም አይከፍልም። የብሮከሩ ቁጥር ወጥቶ የገበያው ቁጥር ከሌለ ችግሩ ብሮከሩ ጋ ወይም መስመሩ ላይ ነው። የገበያው ቁጥር ወጥቶ ማረጋገጫ ካልመጣ ችግሩ ገበያው ጋ ወይም በመልሱ መንገድ ላይ ነው። ብዙ መተግበሪያ የሚያሳየው አንዱን ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱም ቁጥር ለደንበኛው ይታይ እንደሆነ ብሮከሩን ጠይቁ።

ከሁሉም አደገኛው ሦስተኛው ነው። ሰው ማረጋገጫ ሲዘገይበት «አልሄደም» ብሎ ያንኑ ትዕዛዝ ይደግመዋል። የመጀመሪያው ግን ገበያው ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ ሲስተሙ ሲመለስ ሁለቱም ይፈጸማሉ። 100 አክሲዮን የፈለገ ሰው 200 ይዞ ይገኛል። ማረጋገጫ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚላከው የስረዛ ትዕዛዝ ነው። የስረዛው መልስ ሳይመጣ ሁለተኛ ትዕዛዝ አይሰጥም። መተግበሪያው ጭራሽ ከቆመ ለብሮከሩ ቢሮ ደውላችሁ በቃል አሰርዙ፤ ወዲያውም በጽሑፍ መልእክት ድገሙት።

ሰዓት ላይም ብዙ ማስረጃ ይበላሻል። ስክሪን ሾት ስታነሱ ከላይ ያለው የስልኩ ሰዓት እንዳይቆረጥ፣ ስልኩም ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድ ይሁን። ሲስተሙ 10፡10 ብሎ የመዘገበውን አንዳንዱ በደብዳቤ ላይ «ከቀኑ 10፡10» ብሎ ይጽፈዋል፤ እኛ ጋ ያ ከጠዋቱ 4፡10 ነው። ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ስድስት ሰዓት የተሳሳተ አቤቱታ ከሎጉ (ሲስተሙ ራሱ ከያዘው የሰዓት መዝገብ) ጋር ስለማይገጥም ብቻ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ሳቢያን ሰፈር ጠበቃ

ስለ አንቀጹ ልመልስ። ከብሮከሩ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ውል ነው፤ ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ክፍል ይገዛዋል። ቁጥር 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን መገደብ እንደሚችሉ፣ ጥፋት ካልሠሩ በቀር ተጠያቂ እንዳይሆኑም መስማማት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። «ጥፋት ካልሠሩ» የምትለዋን ያዙልኝ። አንቀጹ ብሮከሩን ከጥፋቱ ጭምር ነጻ ያወጣዋል ብሎ መከራከር ከዚህ ቁጥር ጋር ይጋጫል። ጥፋት መኖሩን የማስረዳቱ ሥራ ግን እናንተ ላይ ይወድቃል፤ ሰርቨር ክፍል የጻፈው የቁጥርና የሰዓት ማስረጃ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

ብሮከሩ «ከአቅም በላይ ነበር» ካለ ቁጥር 1792 አለ። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። መብራት መጥፋቱን በዚህ አገር ሊያስበው አልቻለም የሚባል ድርጅት የለም። ጀነሬተር ያላዘጋጀ፣ ወይም አዘጋጅቶ ነዳጅ ያልሞላ፣ መስመሩንም አንድ ብቻ ያደረገ ድርጅት በዚህ ቁጥር ሥር መጠለል ይቸግረዋል። የአገሪቱ ኢንተርኔት በሙሉ ቢቋረጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ መከላከያው ጠንካራ ይሆናል።

ከገበያው ጋር በቀጥታ ውል የላችሁም፤ ውል ያለው አባሉ ብሮከር ነው። ገበያውን መክሰስ ከፈለጋችሁ መንገዱ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ቁጥር 2028 ነው። የይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ፣ ልዩነት ሰፊ ነው፦ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ሲኖረው፣ ከውል ውጭ ያለው በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ብቻ ነው። ከብሮከሩ ጋር ስትጻጻፉ ሁለቱ ዓመት እንዳያልፍባችሁ።

አቤቱታው በጽሑፍ መጀመሪያ ለብሮከሩ ይቅረብ፤ ቁጥር 1772 ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃልና። መልሱ ካላረካችሁ ለገበያው፣ ከዚያም በአዋጅ 1248/2013 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አቅርቡ። ደብዳቤው ለመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጃችሁ ላይ ይቅር።

ሠንጠረዥ

የሌላውን አገር ልምድና ስሌቱን እኔ ልያዝ።

ካሳ በደንብ የተከፈለበት ትልቁ ጉዳይ የናስዳቅ፣ የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ፣ ነው። ግንቦት 2012 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)፣ የፌስቡክ አክሲዮን በገበያው ለመጀመሪያ ቀን ሲከፈት የመክፈቻ ጨረታውን የሚያሰላው ሶፍትዌር ችግር ገጠመው። ስሌቱ እየሄደ ሳለ የስረዛ ትዕዛዝ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ያሰላል፤ ስረዛዎቹ ደግሞ ማባሪያ አልነበራቸውምና ማብቂያ አጣ። ከ30,000 በላይ ትዕዛዞች ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይፈጸሙም ሳይሰረዙም ተንጠልጥለው ቀሩ። ሰርቨር ክፍል ያስጠነቀቀው የመደጋገም ነገርም ያኔ በትልቁ ታይቷል፦ የስዊሱ ባንክ ዩቢኤስ ማረጋገጫ ሲያጣ ሲስተሙ ትዕዛዝ እየደጋገመ ልኮ 349 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ መክሰሩን አስታውቋል።

በናስዳቅ ደንብ የነበረው የካሳ ጣሪያ በወር 3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለማይበቃ የተለየ ፕሮግራም ቀርቦ መጋቢት 2013 ላይ 62 ሚሊዮን ዶላር ጸደቀ። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ አሠራሩ ነው። የተካሰው ሁሉም የከሰረ ሰው አይደለም። በወቅቱ ገብተው መፈጸም ሲገባቸው ያልተፈጸሙ የሽያጭ ትዕዛዞች፣ እንዲሁም ተፈጽመው ማረጋገጫቸው በጊዜው ያልደረሰ የግዥ ትዕዛዞች በዓይነት ተለይተው ተካሱ። የተቀበለ አባል ሌላውን የይገባኛል ጥያቄውን ይተዋል፤ ደንበኞቹን የካሰ አባል ደግሞ ቅድሚያ ያገኛል። መነሻ ዋጋውም ማረጋገጫው ከተለቀቀ በኋላ የነበሩት 45 ደቂቃዎች በግብይት መጠን የተመዘነ አማካይ ዋጋ (ብዙ አክሲዮን የተሸጠበት ዋጋ የበለጠ የሚቆጠርበት) ነበር፤ የቀኑ ዝቅተኛ ዋጋም የሳምንቱ ዋጋም አልተወሰደም።

ይህን ወደ እናንተ ላምጣው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። 300 አክሲዮን በ1,200 ብር እንዲሸጥ አዛችኋል፤ ሲስተሙ ሲቆም በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ 45 ደቂቃዎች አማካይ 1,140 ሆነ። ልዩነቱ 60 ብር፣ በ300 ሲባዛ 18,000 ብር ነው። ሽያጩ ቢፈጸም ትከፍሉት የነበረው ኮሚሽን ይቀነሳል። «ይመለሳል» ብላችሁ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ዋጋው 1,000 ቢገባ 60,000 መጠየቅ አትችሉም፤ ከ45 ደቂቃው በኋላ ያለው የእናንተ ውሳኔ ነው። በ1,200 የሚገዛ ሰው ካልነበረ ደግሞ ሲስተሙ ባይቆምም አትሸጡም ነበርና ካሳ የለም። ስለዚህ ከአቤቱታው ጋር አያይዛችሁ የምትጠይቁት ሲስተሙ በቆመበት ቅጽበት የነበረውን የገዥና ሻጭ መዝገብ ነው።

የጃፓኑ ጉዳይ በፍርድ ቤት ያለቀ ስለሆነ የበለጠ ያስተምራል። ታኅሣሥ 2005 ሚዙሆ ሴኩሪቲስ የተባለው ብሮከር አንድ አክሲዮን በ610,000 የን ሊሸጥ ብሎ 610,000 አክሲዮን በ1 የን አዘዘ። ስህተቱን አውቆ ሊሰርዝ ቢሞክርም የቶኪዮ ገበያ ሲስተም እንከን ስለነበረበት ስረዛውን አልተቀበለም። ኪሳራው ከ40 ቢሊዮን የን አለፈ። ፍርድ ቤቱ በ2009 ገበያው 10.7 ቢሊዮን የን ገደማ እንዲከፍል ፈረደ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2015 አበቃ። ገበያውን ያስከፈለው የሶፍትዌሩ እንከን አልነበረም፤ ግልጽ ችግር እያየ ግብይቱን አለማቆሙ ነው። ማቆም ከነበረበት ደቂቃ በኋላ ከደረሰው ኪሳራ 70 በመቶው በገበያው፣ 30 በመቶው በሚዙሆ ላይ ወደቀ። አቤቱታ ስትጽፉ «ሲስተማችሁ ተበላሸ» ከማለት ይልቅ «ችግሩን በዚህ ሰዓት አውቃችሁ እስከዚህ ሰዓት ምንም አላደረጋችሁም» ማለት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ሕንድ ውስጥም የካቲት 2021 የብሔራዊው ገበያ ግብይት ከረፋዱ ጀምሮ ለአራት ሰዓት ያህል ቆሞ ነበር። መቼ እንደሚከፈት በጊዜው ስላልተነገረ ብዙ ብሮከሮች የደንበኞቻቸውን የዕለት ይዞታ (በዚያው ቀን መዘጋት ያለበትን ግዥና ሽያጭ) በሌላው ገበያ ባገኙት ዋጋ ዘጉ፤ ገበያው ግን ማምሻውን ተከፍቶ ሰዓት ተራዘመለት። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ቁልፍ ሲስተም ሲቋረጥ በ30 ደቂቃ ውስጥ አደጋ መሆኑ እንዲታወጅ፣ ከዚያ በ45 ደቂቃ ውስጥ ወደ መጠባበቂያው ማዕከል እንዲዛወር ደነገገ።

ጁገል

ሐረር ሆነን የምንከታተልም አለን። አቦ አንድ ነገር ግልጽ አድርጉልን፦ መግዛት ፈልገን ሲስተም በማጣት ሳንገዛ ቀርተን ዋጋው ቢወጣስ? የካሳ ፈንድ የሚባለውስ ለዚህ አይሆንም?

ሳቢያን ሰፈር ጠበቃ

ሳይገዙ መቅረት ከሁሉም ከባዱ ነው። ቁጥር 1799 የሚክሰው እንዲህ ያለ ግዴታ አለመፈጸም በተለምዶ የሚያስከትለውን ጉዳት ነው። ትዕዛዙ ገበያው ውስጥ ገብቶ ሻጭ እያለ ካልተፈጸመ ልዩነቱን መጠየቅ ይቻላል። «ልገዛ አስቤ ነበር» ግን ሐሳብ እንጂ ትዕዛዝ ስላልሆነ አያስኬድም። ለየት ያለ ጉዳት የሚደርስባችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሽያጩ ገንዘብ በቀነ ገደብ የሚከፈል ዕዳ ካለባችሁ፣ ቁጥር 1801 ጠቃሚ የሚሆነው ብሮከሩ ውሉ ሲደረግ አስቀድሞ አውቆ ከሆነ ነው፤ በጽሑፍ ንገሩት። ቁጥር 1802 ደግሞ ጉዳቱን እንድትቀንሱ ያስገድዳል፤ ሠንጠረዥ ስለ ሁለቱ ሳምንት ያለው ከዚሁ ይመጣል።

የካሳ ፈንድ በአብዛኛው አገር ለሌላ ነገር ነው። የኬንያው ለምሳሌ ብሮከር ግዴታውን ሳይወጣ ሲቀር እስከ 50,000 ሽልንግ ይከፍላል። በሲስተም መቆም ምክንያት ለተፈጠረ የዋጋ ልዩነት አልተሠራም።

ከዚራ ነጋዴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ታዲያ አንቀጹ እንዲወጣልን እንጠይቅ ወይስ እንዲሻሻል? ለብሮከሩ ምን ብለን እንላክለት?

ሳቢያን ሰፈር ጠበቃ

ይውጣ ካላችሁ አይቀበሏችሁም። እንዲሻሻል ጠይቁ። ይህን ላኩላቸው፦

«ድርጅቱ በራሱ፣ በሠራተኞቹ ወይም በሲስተሙ ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው። የሲስተም መቋረጥ ሲያጋጥም በ15 ደቂቃ ውስጥ ለደንበኛው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ያሳውቃል፤ በመቋረጡ ጊዜ ትዕዛዝና ስረዛ በስልክ ይቀበላል፣ ጥሪውንም ይቀዳል። ደንበኛው በጠየቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የትዕዛዙን ሙሉ የሰዓት መዝገብ ይሰጣል። ገበያው ለድርጅቱ ካሳ ከከፈለ የደንበኛው ድርሻ በ10 ቀናት ውስጥ ለደንበኛው ገቢ ይደረጋል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አትልቀቁ። ገበያ ሲክስ የሚክሰው አባሉን ነው፤ ውላችሁ ላይ ካልተጻፈ ገንዘቡ ብሮከሩ ሂሳብ ላይ ሊቀር ይችላል። በ15 ደቂቃው ላይ ከተከራከሩ ወደ 30 ብትወርዱ ግድ የለም፤ የሰዓት መዝገቡ ላይ ግን አትደራደሩ።

ሰርቨር ክፍል

አንድ ልጨምር፦ የስልክ መስመሩ ቁጥር ውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የአንድ ሠራተኛ ሞባይል ሳይሆን የቢሮው የሚቀዳ መስመር መሆኑን አረጋግጡ። እናንተም ራውተሩን በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚያገለግል ባትሪ) ላይ አድርጉት፤ ሁለተኛ ሲም ከሌላ ኩባንያ ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። ከፈረማችሁ በኋላ ትልቅ ገንዘብ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት በአንድ አክሲዮን ሞክሩት፦ ከገበያው ዋጋ ራቅ ያለ የመግዣ ትዕዛዝ ስጡ፣ ሁለቱም ቁጥር መውጣቱን እዩ፣ በስልክ ደውላችሁ አሰርዙት፣ ከዚያ የሰዓት መዝገቡን በጽሑፍ ጠይቁ። በአምስት ቀን ውስጥ ካልሰጧችሁ፣ እውነተኛ ችግር ሲመጣም ስለማይሰጧችሁ ሌላ ብሮከር ፈልጉ።