የግቢያችን ጥድ ከውስጥ እየደረቀ ነው፤ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሮች። እናቴ ግቢ አያቴ የተከሉት የሐበሻ ጥድ አለ። ዘንድሮ ከግንዱ በኩል ጀምሮ እየደረቀ ወደ ዳር እየሄደ ነው። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ቅርንጫፉን ገለጥ ስታደርጉት ግን ውስጡ ቡኒ ሆኗል። ከሥሩ የተሰጣ ልብስ ይጣበቃል። ጎረቤታችን "ቁረጡትና የፈረንጅ ጥድ ትከሉ፣ ቶሎ ይደርሳል" ይላል። እናቴ ይህን ሰምታ አኩርፋለች። እኔ ደግሞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ስላለችው የቤርሙዳ ደሴት ጥድ አንብቤ ፈርቻለሁ። ደሴቱን ሞልቶ የነበረ ዛፍ በነፍሳት አለቀ ይላል። የኛም እንደዚያ ሊሆን ነው?

አናጢው፦
ልጄ፣ እንጨት ነጋዴ ብሆን ቁረጥ እልህ ነበር። የሐበሻ ጥድ ስትልገው ልቡ ቀላ ይላል፤ ሱቁ ሁሉ ይሸታል። ምስጥ አይደፍረውም፤ የድሮ ሰው ለቋሚ እሱን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ኬንያ ውስጥ ለእርሳስ ሲቆረጥ ኖሯል። ሚስማር ስትመታበት ግን ይሰነጠቃል፤ ቀድመህ መብሳት አለብህ። የፈረንጁ ቶሎ ያድጋል፣ እሺ። መሬት ለሚቀበር እንጨት ግን እንደ ሐበሻው አላምነውም። የሐበሻው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እናትህን አታስቀይም።

ችግኝ ጣቢያ የምትሠራው፦
ወንድሜ፣ "ልብስ ይጣበቃል" ስትል ግማሹን መልስ ራስህ ሰጥተሃል። የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ነፍሳት፣ የጥድ ክሽክሽ ይመስላል። ቅርንጫፉን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፈው። ቡኒ ሆነው የሚሄዱ ትንንሽ ነፍሳት ከወደቁ እነሱ ናቸው። ጣፋጭ ፈሳሽ ይጥላሉ፤ ጉንዳን ይመጣበታል፣ ሲቆይም ጥቁር ሻጋታ ይይዘዋል። ይህ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፣ ከዚያ ኬንያ ገባ። በጣም የሚጎዳው ደግሞ ያንኑ የፈረንጅ ጥድ ነው! የጎረቤትህ ምክር ለክሽክሹ ድግስ መደገስ ነው።

የቤርሙዳው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከውጭ የገቡ ሁለት ዓይነት ቅርፊታም ነፍሳት (እንደ ቅርፊት ዛፉ ላይ የሚለጠፉ) ናቸው የጨረሱት። እነዚያ የሚያጣብቅ ፈሳሽ የላቸውም። ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ዛፍ አለቀ። ዛፉ በተፈጥሮ ከዚያ ደሴት ውጭ የትም የለም። ጨዋማውን የባሕር ነፋስ ችሎ የሚኖር፣ ለመርከብ ሥራ የተመሰገነ እንጨት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1609 መርከባቸው እዚያ የተሰበረባቸው እንግሊዞች በእሱ ሌላ ሠርተው ነው በሚቀጥለው ዓመት ቨርጂኒያ የደረሱት። ሲያልቅባቸው ቶሎ የሚያድግ ብለው ሽውሽዌ ተከሉ፤ እሱ ተራብቶ ዛሬ ራሱ ራስ ምታት ሆኖባቸዋል። ጥዱን ያተረፈው ሌላ ነገር ነው። ነፍሳቱን ተቋቁመው ከቀሩት ጥቂት ዛፎች ዘር ተለቀመና እንደገና ተተከለ።

ስለዚህ አትቁረጥ። የሞተውን ቅርንጫፍ አንሳ። በበጋ ሥሩን በደንብ አጠጣው፤ ውሃ የጠማው ዛፍ በክሽክሽ ይብስበታል። እጅህ የሚደርስበትን በሳሙና ውሃ እጠበው። ፍሬ አለው?

የአዘዞ ልጅ፦
እትዬ፣ አራገፍኩት። ወረቀቱ ላይ ይርመሰመሳሉ! ፍሬ ግን ኖሮት አያውቅም። ቢጫ ብናኝ ብቻ ነው የሚያራግፈው፤ እናቴ ሁልጊዜ መስኮት ዝጉ ትላለች።

ችግኝ ጣቢያ የምትሠራው፦
ወንድ ነው። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። መተኪያ ካሰብክ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ሂድ፤ አስተዳዳሪውን አስፈቅድና የወደቀውን ልቀም። ከሽንብራ የምታንስ፣ ወደ ጥቁር የምታደላ ሰማያዊ ፍሬ ናት፤ አረንጓዴዋን ተዋት፣ አልበሰለችም። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀም። ዛፎቹ ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ከሆኑ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። አሽተህ ሥጋዋን አውጣ፣ ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምረው፣ የተንሳፈፈውን ድፋ። ለመብቀል ሳምንታት ይፈጃል፤ አልበቀለም ብለህ መደቡን እንዳትገለብጥ። ጥላ አድርግለት፣ አፈሩም አይድረቅ።

አናጢው፦
ከተረፈህ ሁለት ችግኝ ለኔም። ቁመቱን ባላየው የልጅ ልጄ ያየዋል።