«ፀሐይ እኮ በነጻ ነው»

የጣና ዳር፦ ትናንት የሰፈር ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ባሕር ዳር ፀሐይ እኮ በነጻ ነው፤ ሁሉም ጣሪያው ላይ ሶላር ቢሰቅል መብራት ጠፋ ብሎ የሚያማርር አይኖርም» አለ። ተጨበጨበለት! ባትሪውንም በነጻ ሊያድል መስሏቸው ይሆን?

ዳንግሌው፦ ምን አጠፋ? ፀሐይ ቆጣሪ አላት እንዴ?

የጣና ዳር፦ ቆጣሪ የላትም፤ ባትሪ ግን ትፈልጋለች። የኔው የአሲድ ባትሪ በሦስተኛ ዓመቱ ሞቶ አሁን ዶሮ ይሰፍርበታል።

ሽቦ አዋቂ፦ የገደልከው አንተ ነህ። የአሲድ ባትሪ ቻርጁ ሁልጊዜ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ሊትየም ግዛ።

የጣና ዳር፦ «ግዛ»! በነጻ ነው አላላችሁም?

ባለምጣዷ፦ አምፖልና ስልኩስ ይሁን። የኔ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ይበላል። ቅዳሜ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት እልም ሲል ፀሐያችሁ እንጀራ ትጋግርልኛለች?

ሽቦ አዋቂ፦ እቴ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከጋገርሽ 10 ባለ 450 ዋት ፓኔልና ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው) ይወጣዋል።

ባለምጣዷ፦ ለእንጀራ 10 ፓኔል? ጣሪያዬ የቤት ክዳን ነው ወይስ ፋብሪካ?

ማርቆሴው፦ ሐምሌንስ ረሳችሁት? እኛ ጋ ፀሐይ እንደ ሀብታም ዘመድ ናት፤ ብቅ ብላ ሳትቀመጥ ትሄዳለች።

ሽቦ አዋቂ፦ በደመናም ያመነጫል፣ ያንሳል እንጂ። ደግሞ ፓኔል ሙቀት አይወድም፤ የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ በየዲግሪው ወደ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። ለዚህ ለዚህ ደጋው ይሻላል።

ማርቆሴው፦ ሰማህ የጣና ዳር? ማርቆስ ይሻላል ተባለ!

የጣና ዳር፦ ብርዳችሁን ልትሸጡልን ነው? ይልቅ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ከ1956 ጀምሮ አፍንጫችን ሥር አለ፤ የበለሱ 460 ሜጋዋት ነው፤ ሕዳሴውም አለቀ። እኛ ደግሞ ጣሪያ ላይ መስታወት እንለጥፍ?

ሽቦ አዋቂ፦ ግድብ የሰፈርህን ትራንስፎርመር አይቀይርልህም። ባለፈው ቅዳሜ የጠፋብህ ዓባይ ደርቆ ነው? ምሰሶው ወድቆ እኮ ነው።

የጣና ዳር፦ ታዲያ ምሰሶው ይቁምልና! እኔ በኪሴ የራሴን መብራት ኃይል ላቋቁም?

ዳንግሌው፦ ለዲሽ ስትከፍል እንዲህ አላለቀስክም።

የጣና ዳር፦ ዲሹ ባትሪ አልጠየቀኝም።

ባለምጣዷ፦ መብራት መጣ! ሳይሄድ ልጋግር፤ እናንተ ተነታረኩ።

ዳንግሌው፦ ፀሐይ ግን በነጻ ነው።