«ባዕድ መድረሻ» ለምን ባዕድ ተባለ?

የቤዛ አባት፦ ሰላም ቤተሰብ። ማታ ልጄን የአማርኛ የቤት ሥራ ሳሠራት ልንጣላ ምንም አልቀረን። ጥያቄው «ድኅረ ቅጥያውን ለዩ» ይላል። በእኛ ጊዜ «ባዕድ መድረሻ» ነበር የሚባለው። አንድ ናቸው? ባዕድ የሚለውስ ከምን መጣ? ደግሞ «ቤቶች» ላይ እኔ «ቶች» ነው አልኳት፣ እሷ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ሰናይት፦ አንድ ናቸው። ባዕድ የተባለው ከውጭ ቋንቋ ስለመጣ መሰለኝ።

የቆሎ ተማሪ፦ ኧረ እህቴ፣ ከውጭ አገር ጋር ምንም አያገናኘውም። ባዕድ በግእዝ ሌላ፣ ዘመድ ያልሆነ ማለት ነው። ከቃሉ ዘር ያልሆነ ነገር ሲጨመር ባዕድ ይባላል፣ ፊት ከመጣ ባዕድ መነሻ፣ ኋላ ከመጣ ባዕድ መድረሻ። «መድረሻ» የሚለውን ራሱን እዩት። ዘሩ «ደረሰ» ነው። «መ» ባዕድ መነሻ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «-ኢያ» ነበረች፣ «ሰ»ን «ሻ» አድርጋ እሷ ተሰወረች። መድረሻም መድረሻ አለው እንግዲህ!

ጡረተኛው መምህር፦ «ቅጥያ» ከ«ቀጠለ» ነው። «ለ» ወደ «የ» ተለወጠች፣ «ከፈለ» «መክፈያ» እንደሚሆነው ማለት ነው። «ድኅረ» ግእዝ ነው፣ በኋላ ማለት። ከኋላ የሚቀጠል፣ በቃ። እኔ ቅጥያን እመርጣለሁ፣ ባዕድ ሲባል ብዙ ተማሪ እንደ ሰናይት ነው የሚያስበው።

ስለ «ቤቶች» ግን ልጅህ ልክ ናት። «ት» የቤት ናት፣ ቅጥያው «-ኦች» ነው። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚጽፍ «ት» እና «ኦ» ተዋህደው «ቶ» ሆኑ፣ ለዚህ ነው በዓይን ብቻ ስትቆርጠው የምትሳሳተው። «ዶሮ» ግን በአናባቢ ስለሚያልቅ «ዶሮዎች» ይሆናል።

የቤዛ አባት፦ ተረታሁ ጋሼ። «ዳኛ» ላይ ያለችው «ኛ»ስ? እንደ «ፈረሰኛ» ናት?

ጡረተኛው መምህር፦ አንሳትና እይ። ከፈረሰኛ ስታነሳት ፈረስ ይቀርሃል። ከዳኛ ስታነሳት «ዳ» ብቻ። ዘሩ «ዳኘ» ስለሆነ «ኛ» የራሱ ናት።

የቤዛ አባት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ችግሩ «ቶች»ን በእስክሪብቶ ነው ያጻፍኳት።